ሦስት እጥፋት ያለው ቀሚስ

ድካሜን ላውራ ብል ማቆሚያ የለኝም፤ ስለዚህ ስለ ቀሚሱ ላውራ።

ቀሚሱ ሰማያዊ ነው። የተሠራው ከአሮጌ ባቲ ነው። ባቲ የሶማሌ ሴቶች ቤት ውስጥ የሚለብሱት ሰፊ የጥጥ ቀሚስ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከታጠበ በኋላ ለሕፃን ገላ ከእሱ የሚለሰልስ ጨርቅ አላውቅም። የሰጠችኝ አከራያችን ኢስተሂል ናት። እኔ ደግሞ በ2014 የካቲት ላይ፣ ልጄ ፀጋ አምስት ወር ሲሞላት፣ ቆርጬ ቀሚስ ሰፋሁላት። ርዝመቱን ሳወጣው ለአንድ ዓመት ተኩል ልጅ በሚሆን መጠን ነበር። ከዚያ ከጫፉ ከፍ ብዬ ጨርቁን ሁለት ሁለት ጣት እያጠፍኩ፣ ሲፈለግ ቶሎ እንዲተረተር በእጄ ሰፋ ሰፋ አድርጌ እየሰፋሁ፣ ሦስት እጥፋት አበጀሁለት። ጎንና ጎኑንም እንዲሁ ወደ ውስጥ ያዝኩት። ትከሻው ላይ ሦስት የቁልፍ ቀዳዳ በደረጃ አወጣሁ። ልጅ ስታድግ አንድ እጥፋት ይፈታል፣ ቁልፉ አንድ ደረጃ ይወርዳል፣ ቀሚሱ አብሯት ያድጋል። በእኔ ስሌት በየሁለት ወሩ አንድ እጥፋት መፍታት ነበረብኝ።

ይህን ያስተማረኝ ችግር ነው ብዬ አንጀታችሁን እንዳልበላ፣ ችግርም አይደለም። ደሞዝ አለኝ፤ ጅጅጋ ውስጥ አምስተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ባሌ ሰይፈም ደሞዝ አለው፤ የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር ድርጅት ውስጥ መካኒክ ነው። የእኔ ነገር በሽታ ነው። ዕቃ ጨርሶ ሳያልቅ ሲጣል ማየት አልችልም። ያለቀ ሳሙና በካልሲ ውስጥ አጠራቅሜ እንደ አዲስ አጥብበታለሁ። የሻይ ቅጠል ሁለቴ አፈላለሁ። ጣት የማያስይዝ ጠመኔ እስክሪብቶ ክዳን ውስጥ ሰክቼ እጽፍበታለሁ፤ ተማሪዎቼ ስቀው ስቀው ሰልችቷቸው ትተውታል። የፀጋ ቱታ እግሯን ሲይዛት የእግሩን ጫፍ ቆርጬ የሰይፈን አሮጌ ካልሲ አንገት ቀጠልኩበት። ከተቀደደ ፎጣ ስድስት የለሃጭ ጨርቅ ወጣኝ። አራት ቀን የማይሞላውን የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አሥር ቀን አደርሰዋለሁ። ሰይፈ ልብስ ሲገዛላት ሁሌ የምነግረው አንድ ነገር ነው፦ «ሰፊ ግዛ።»

የወተቱ ነገር እንዲህ ነበር። የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ክፍል ስገባ፣ ሰባ ስምንት ተማሪ ላይ ስጮህ ውዬ ስመለስ፣ ጡቴ ቀስ በቀስ ደረቀ። በዚያ ዓመት ደግሞ ዝናቡ ቀርቶ ከብቱ እያለቀ ነበር። ጠዋት ጠዋት በጀሪካን ወተት ይዘው ከገጠር የሚመጡት ሴቶች ከገበያው ጠፉ። የቀረው ከድንበር ከተማዋ ከቶጎጫሌ የሚመጣው የቆርቆሮ ወተት ነው፤ እሱም የኬላው ቁጥጥር ሲጠብቅ ለሳምንት ይጠፋል። የኢስተሂል ልጅ ሙልኪ ቶጎጫሌ እየተመላለሰች ስለምትነግድ ስታገኝ ታመጣልኛለች፣ ሳታገኝ የለም። ሁለት ጊዜ ቤት ውስጥ አንድ ማንኪያ ዱቄት ሳይኖር አድሬያለሁ። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮ ስከፍት እጄ ራሱ ቆጣቢ ሆነ። ማንኪያውን ሞላ ሳላደርግ እወስዳለሁ፣ በሁለት ፈንታ አንድ አደርጋለሁ፣ ውሃውን እሞላለሁ። ልጅቷ ጠጥታ ዝም ትላለች። ቀጭን ወተት ለሆድ ይቀላል ብዬ ለራሴ ነገርኩት፣ ራሴም አመነኝ። አጥሚቷንም እንዲሁ ቀጠን አደርግ ነበር።

እኔ ጠዋት ሳስተምር ፀጋን የምትይዛት ኢስተሂል ናት። ድሮ እሷም ነጋዴ ነበረች፤ አሁን ጉልበቷ እምቢ ብሏት ቤት ትውላለች። ዕድሜዋ እናቴን ያክላል። መጀመሪያ ሰሞን «እርስዎ» ስላት ከኋላዋ ሌላ ሰው የቆመ እየመሰላት ዞር ትል ነበር፤ ስለዚህ ትቼ «አንቺ» አልኳት፣ እሷም ደስ አላት። አንድ ቀን ጡጦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው።

«ዘርፈሽ፣ ይሄ ወተት ቀጠነ» አለችኝ።

«እንዲበቃ ነው» አልኳት ቦርሳዬን እያነሳሁ።

ፀጋን ተቀብላ ደረቷ ላይ አስተኛቻትና «ማሻአላህ» አለች፤ ስትለው ግን ልጅቷን አላየቻትም፣ በሩን ነበር የምታየው። ያን ጊዜ ነገሬ አላልኩትም። የጅጅጋ ነፋስ አቧራውን እያነሳ ፊቴ ላይ ይደፋዋል፣ ደወል ሊደወል ነው፣ እኔ ገና ባጃጅ አላገኘሁም።

በቀሚሱ ግን ስም አወጣሁ። መምህራን ክፍል ውስጥ ፎቶውን በስልኬ ሳሳያቸው ሁሉም እየተቀባበሉ አዩት። ሮዛ የምትባል የሒሳብ መምህርት አለች፤ እኔና እሷ የወለድነው በአሥር ቀን ልዩነት ነው፣ ሁለታችንም ሴት። «ለእኔም» አለችኝ። ባቲው ሰፊ ነበርና ከዚያው ጨርቅ፣ በዚያው ሳምንት፣ ሁለተኛ ቀሚስ ቆረጥኩ። ሁለቱንም ሕፃናት አልጋዬ ላይ አስተኝቼ በሜትር ለካኋቸው። ደረት፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ የክንድ ውፍረት። የሮዛ ልጅ የእኔዋን በአንድ ጣት ትበልጥ ነበር፤ ሌላው እኩል ነው። ልኬቱን የትምህርት ዝግጅት ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፍኩት። የልብስ መኪና የለኝም፤ ስፌቱን ሁሉ በእጄ ነው የሠራሁት፣ ሌሎች የሚተኙበትን የእሑድ ከሰዓት እየሠዋሁ።

ሚያዝያ ላይ ሮዛ ቀሚሱን በፌስታል ይዛ መጣች።

«ዘርፌ፣ አንዱን ፍቺልኝ። ጉልበቷ ላይ ወጥቷል።»

በእረፍት ሰዓት ተረተርኩላት። እጥፋት ሲፈታ አንድ ነገር አለው፦ ተደብቆ የኖረው ጨርቅ ፀሐይም ሳሙናም ስላላገኘው ቀለሙ እንዳለ ነው። ወዝ ባጣው ሰማያዊ መሃል ሁለት ጣት የሚሆን ጥቁር ሰማያዊ መስመር ዙሪያውን ይወጣል። ሮዛ አልወደደችውም። «አሮጌ መሆኑን ያሳብቃል» ብላ ዳንቴል አምጥታ አስለበጠችበት።

«ያንቺስ?» አለችኝ።

«የእኔማ ገና ልክ ናት» አልኳት አፌን ሞልቼ። «አንቺ በረኪናና ፍል ውሃ ታበዢያለሽ፣ ጨርቁ ተኮማትሯል።»

እውነት ነው የመሰለኝ። እንዲያውም አዘንኩላት።

ሰይፈ በሁለት ወር አንዴ ነው ቤት የሚመጣው። በድርቁ ዓመት ደግሞ የጉድጓድ ሥራው በዝቶ እሱም ቀርቷል፤ ከቀብሪደሃር ወዲያ የት እንዳለ ሳላውቅ ኔትወርክ ሲያገኝ ይደውላል። ሁሌም የሚያወራው የሚቸኩል ሰው አወራር ነው፣ መስመሩ ከመቆረጡ በፊት።

«ፀጋዬ እንዴት ናት? ልብስ ልላክላት? የሚመጣ መኪና አለ።»

«አትግዛ» አልኩት። «ያ ቀሚስ አራት ወሩ ነው፣ ገና አንድ እጥፋት አልፈታሁለትም።»

«ጎበዝ» አለኝ። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አንድ ሰው «ጎበዝ» ካለኝ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ አላስታውስም ነበርና ቃሉን ይዤ ዋልኩ።

ሰኔ ላይ፣ የፈተና ወረቀት ክምር ውስጥ ተቀብሬ ሳለሁ፣ ሮዛ ልጇን አቅፋ ቤቴ መጣች። ቅዳሜ ነው። ኢስተሂል ግቢው ውስጥ፣ ጥላው ስር፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ፀጋን እግሯ ላይ አስተኝታታለች። ሮዛ ልጇን ምንጣፉ ላይ ስታስቀምጣት ልጅቱ በሁለት እጇ ተደግፋ ቂብ አለች፤ ከዚያ የማርክ መስጫዬን ቀይ እስክሪብቶ ለመያዝ መዳህ ጀመረች።

«ሁለተኛውንም ፍቺልኝ» አለች ሮዛ። «አሁንስ በረኪና አላስነካሁትም፣ እንዳታሳብቢ።»

ቀሚሱን ተቀበልኳት። የእኔው ገመድ ላይ ታጥቦ ተሰጥቷል። ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት አወረድኩትና ምንጣፉ ላይ አነጠፍኳቸው። ከአንድ ጨርቅ፣ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ እጅ የተቆረጡ ናቸው። የእኔው የአሻንጉሊት ይመስላል።

ጨርቁን ሳብ ሳብ አደረግኩት። ክሩን አየሁት። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የጠረጠርኩት ስፌቴን ነው፤ የእኔን እጥፋት አስፍቼው ይሆናል አልኩ፣ በጣት ለካሁት፣ ሁለት ጣት ነው። ቤት ገብቼ ሜትሩንና ደብተሩን አመጣሁ። የሮዛን ልጅ ለካኋት፣ እየተንፈራገጠች። በሁሉም በኩል አድጋለች። ከዚያ ፀጋን ከኢስተሂል እግር ላይ አነሳኋት። አትንፈራገጥም። ስለካት ዝም ብላ ታየኛለች። ቁመቷ አንድ ጣት ጨምሯል። ደረቷ የካቲት ላይ የጻፍኩት ቁጥር ነው፣ ያው ራሱ። ክንዷን በሜትሩ ስጠመጥመው ከጻፍኩት ቁጥር በታች መጣ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ ለካሁ፤ በሦስተኛው ራሴን ያዝኩ፤ ቁጥሩ እንዲጨምር ሜትሩን ላላ እያደረግኩት ነበር።

ሮዛ ልጇን ወደ ራሷ ሳበቻት። ኢስተሂል ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ በቀስታ «ማሻአላህ» አለች።

ደሜ ፈላ።

«ምኑ ነው ማሻአላህ?» አልኳት። «በየቀኑ አንቺ ጋ ነው የምትውለው። አይተሻል። አይተሻል አይደል?»

«አይቻለሁ» አለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ኢስተሂል በአማርኛ የምትለውን መጀመሪያ በሆዷ አሰናድታ ነው የምታወጣው።

«አባዮ፣ እህቴ፣ እኛ የሰው ልጅ ቀጭን ነው አንልም። እንዲህ ያለ ሰው፣ ነገ ልጅ ቢታመም፣ የእሱ ዓይን ነው፣ የእሱ አፍ ነው ይባላል። ወተት ቀጠነ አልኩሽ። ወላሂ ከዚያ በላይ መናገር ፈራሁ። የአንቺ ልጅ፣ የአንቺ ጡጦ ነው።»

ወደ ሮዛ ዞርኩ። ሮዛ ከንፈሯን ነከሰች።

«እኔም አይቻለሁ» አለች። «ፎቶውን ስታሳዪን ሁላችንም አይተናል። ምን ብዬ ልንገርሽ? ልጄ ወፍራ ስላለች ልትመካ መጣች ትይኛለሽ ብዬ ነው።»

ልፈርድባቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን እኛስ? እኛም የሰው ልጅ አቅፈን «ስታስጠላ» ብለን ስመን እንመልሳለን እንጂ ስለ ሥጋዋ ትንፍሽ አንልም። እኔ ራሴ በስንት ሰው ልጅ ላይ ዝም ብያለሁ። ሁሉም ያየውን እኔ ብቻ ሳላይ አራት ወር ሙሉ ቀሚስ ሳሞግስ ነበር። ልጄ አላድግ ብትል ልብሱ በረከተልኝ ብዬ ደስ አለኝ። እንዲህ ዓይነት እናት በዓለም ላይ ሌላ እንዳለች አላውቅም፤ ካለች አግኝቻት አጠገቧ መቀመጥ እፈልጋለሁ።

ሰኞ ጠዋት ፈተናውን ለሌላ መምህር አስረክቤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ኢስተሂል ጉልበቷን እያሻሸች አብራኝ መጣች፤ «ቅሪ» ብላትም እምቢ አለች። ቆርቆሮውንም ጡጦውንም ይዘን ነበር። ወረፋው ላይ የተቀመጡት ሴቶች አብዛኞቹ ከሐርተሼክ በኩል፣ ከብታቸው ካለቀባቸው መንደሮች የመጡ ናቸው። የእነሱ ልጆች ለምን እንደከሱ ማንም መጠየቅ አያስፈልገውም። እኔ ከነደሞዜ፣ ከነቦርሳዬ፣ ከነዲፕሎማዬ መሃላቸው ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረችው ቢሻሮ የምትባል ሴት የፀጋን ቀሚስ ጫፍ ይዛ እጥፋቱን በጣቷ ቆጠረችና ለኢስተሂል በሶማሊኛ አንድ ነገር አለቻት።

«ምን አለች?» አልኩ።

«ጎበዝ እጅ ነው የሰፋው አለች።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

የተቀበለን ጤና ባለሙያ ዐብዲጀባር ይባላል፤ ወጣት ነው፣ እሱም እንቅልፍ የጎደለው ይመስላል። የፀጋን ክንድ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ባለው የላስቲክ ሜትር ለካው። እኔ ሜትር ማንበብ እችላለሁ። ቀዩ ላይ ነው የቆመው። ከዚያ ሚዛን ላይ አስቀመጣት፣ ጻፈ፣ እግሯን ጫን ጫን አድርጎ አየ።

«ምን ትመገባለች?»

ቆርቆሮውን አስቀመጥኩለት።

«በአንድ ጡጦ ስንት ማንኪያ?»

ነገርኩት። ማንኪያው ሞላ እንደማይልም ሳልደብቅ ነገርኩት። አስተማሪ ነኝና ተጠይቄ አለመመለስ አልችልም። ቆርቆሮውን አዙሮ ጽሑፉን አነበበ፣ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ይሄ አንዱ ቆርቆሮ ስንት ቀን ያቆይሻል?»

«አሥር ቀን» አልኩት።

በድምፄ ውስጥ የነበረውን ነገር እኔም ሰማሁት። መምህራን ክፍል ውስጥ ስለ ቀሚሱ ሳወራ የነበረው ድምፅ ነው። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። ዐብዲጀባር አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ልጅ እንዲህ ሲሆን ማልቀስም ይደክመዋል» አለኝ ቀስ ብሎ። «ዝም ያለችው ጠግባ አይደለም፣ መምህር።»

ኢስተሂል ፀጋን ከሚዛኑ ላይ አንስታ «ሆዮ፣ ሆዮ» እያለች አባበለቻት። የሶማሌ እናት ልጇን እንዲህ ነው የምትጠራው፣ በራሷ ስም፣ «እናት» እያለች። እኔ አለቀስኩ። ሰው ፊት፣ ወረፋው ሁሉ እያየኝ፣ በነጠላዬ ጫፍ አፌን አፍኜ አለቀስኩ።

የለውዝ ቅቤ የሚመስል የታሸገ ምግብ ሰጡን። በየቀኑ የሚበላውን ቁጥር ነገሩኝ፤ «አካፍለሽ እንዳታቆዪው፣ ለሌላ ቀን እንዳታሳድሪው» አለኝ ዐብዲጀባር በሩ ላይ ደግሞ። ሰውዬው አንድ ቀን ውስጥ አውቆኛል።

ሐምሌና ነሐሴ እንዴት እንዳለፉ ዝርዝሩ የለኝም። ትምህርት ተዘግቷል። ማክሰኞ ማክሰኞ ሚዛን ነው። ሌሊትም ቀንም ከፓኬቱ በጣቴ እያወጣሁ አፏ ላይ አደርጋለሁ፣ ትተፋዋለች፣ እንደገና አደርጋለሁ። ወተቱን በማንኪያ ሙሉ፣ በቢላ ጀርባ ደልድዬ፣ እየቆጠርኩ እበጠብጣለሁ። እጄ አንድ ማንኪያ መልሶ ቆርቆሮው ውስጥ ሊጨምር ሲል ስንት ጊዜ ይዤዋለሁ። ቆርቆሮ ሲጠፋ ሙልኪ ከቶጎጫሌ እየደወለች ያለበትን ሱቅ ታፈላልጋለች። ሦስተኛው ማክሰኞ ላይ ሚዛኑ ምንም ሳይጨምር ቀረ፤ ያን ቀን ኢስተሂልና እኔ ባጃጅ ውስጥ አንድም ቃል ሳንነጋገር ነው ቤት የገባነው። አራተኛው ላይ ጨመረ። አምስተኛው ላይም። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ፀጋ አለቀሰች፤ የተናደደ ሰው ልቅሶ፣ ግቢውን የሚያናውጥ። ኢስተሂል ከቤቷ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ራበው» አለች። ፀጋን ስትወዳት እንደ ወንድ ነው የምትጠራት፣ ወይም አማርኛው ያኔ ይጠፋባታል።

«ራባት» አልኩ። ሁለታችንም ቆመን ልቅሶውን ሰማነው።

ለሰይፈ አልነገርኩትም ነበር። ሊነግሩት የሚገባ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን በስልክ፣ ሊቆረጥ በሚችል መስመር፣ «ልጅህን በውሃ ሳሳድግ ነበር» እንዴት ይባላል? ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለሦስት ቀን ሲመጣ ነገርኩት። ደብተሩን፣ ሁለቱን ልኬት፣ ቆርቆሮውን፣ ሁሉንም። እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ እጁን አየው፤ ግሪስ ጥፍሩ ውስጥ ገብቶ የማይለቅ እጅ ነው።

«እኔም ጎበዝ ብዬሻለሁ» አለ።

ሦስቱንም ቀን ፀጋን ከእጁ አላወረዳትም። ቅር ብሎት እንደሆነ ዛሬም አልጠየቅኩትም፤ ሁለታችንም ለዚያ ጥያቄ አቅም የለንም።

መስከረም ላይ የመጀመሪያውን እጥፋት ፈታሁ። ዓመት ሞልቷታል። ክሩን በመቀስ ጫፍ አንድ በአንድ እየነቀልኩ ሳወጣው ጥቁር ሰማያዊው መስመር ከውስጥ ወጣ፣ የካቲት ላይ የነበረው ቀለም እንዳለ። ሮዛ ከእሷ የተረፈውን ዳንቴል ይዛልኝ መጣች።

«ልለብጥበት?» አለች።

«ተዪው፣ ይታይ» አልኳት።

ኢስተሂል ቀሚሱን ተቀብላ መስመሩን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ የፀጋን ፊት ትክ ብላ አይታ «ማሻአላህ» አለች። እኔም ከኋላዋ ተቀብዬ አልኩት። ሃይማኖቴ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለልጄ ግን ዓይን ዓይኗን እያዩ ሲሉላት ደስ ይላል።

ሁለተኛው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ተፈታ። ሦስተኛው አልቆየም። ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ጠዋት፣ ሰባ ስምንት የነበሩት ተማሪዎቼ ሰማንያ አንድ ሆነው፣ ደወል ሊደወል ሲል፣ ፀጋን ላለብሳት ስታገል ቀሚሱ ደረቷን ይዞ ትከሻው ላይ አልዘጋ አለኝ። ቁልፉን የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ አደረግኩት። ተወጥሮ ቆየና እሷ እጇን ስታወራጭ ተበጥሶ አልጋው ስር ገባ። ተንበርክኬ ቁልፉን ስፈልግ ስልኬ ጮኸ። ሰይፈ ነው።

«ሰላም ነው? መኪና የሚመጣ አለ፣ ፈጠን በይ፣ ሊቆረጥ ነው። ያ ቀሚስ ገና ልክ ነው?»

«ጠበባት» አልኩት።

«ምን?»

«ጠበባት። እምቢ አለ፣ አይዘጋም፣ ቁልፉን በጠሰችው።» ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ነበር፣ እሷ ከላይ ሆና ፀጉሬን እየጎተተች።

መስመሩ ውስጥ ሽው ሽው የሚል ነፋስ ብቻ ይሰማል። ተቆርጧል ብዬ ነበር።

«እዚህ ሱቅ አለ» አለኝ በመጨረሻ። «ልግዛላት? እንደ ሁሌው ሰፊ ልግዛ?»

«አይ» አልኩት። «ልኳን ግዛ።»